አራተኛ ወጥታ ተመልካች

ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ፣ ደሴ። ጉሙ ጦሳን ከአናቱ እስከ ወገቡ ውጦታል፤ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ቴሌቪዥኑ ፊት አራት ነን፦ ቶናውን የምትቀዳው እናቴ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ብለው ገብተው የቀሩት ጎረቤታችን ሐጂ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ የእህቴ ልጅና እኔ። ከፓሪስ የሚተላለፈው የኦሊምፒኩ የሴቶች ጅምናስቲክ የአጠቃላይ አሸናፊ ፍጻሜ ነው። ልጅቷ ከሁለት ቀን በፊት በቡድኑ ፍጻሜ አይታ የወደደቻትን ጆርዳን ቻይልስን ትፈልጋለች። አሜሪካኖቹ ሲገቡ ሲሞን ባይልስ አለች፤ ሱኒ ሊ አለች፤ ቻይልስ የለችም።

«አጎቴ፣ ያቺኛዋ ታማ ነው?»

አልታመመችም። በማጣሪያው ከመላው ዓለም አራተኛ ወጥታለች። ፍጻሜው የሚቀበለው ደግሞ 24 ሰው ነው። ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «አራተኛ'ኮ ከሃያ አራት ውስጥ ናት» አለችኝ። ከአንድ አገር ሁለት ብቻ እንደሚገባ፣ ባይልስ አንደኛ ሊ ሦስተኛ ስለወጡ የአሜሪካ ድርሻ እንዳለቀ አስረዳኋት። አልተዋጠላትም። ሐጂ ግን ሲኒያቸውን አስቀምጠው ነገሩን በአንድ አፍ ጨረሱት፦ «እንደ ቀበሌ ስኳር ነዋ! ለአንድ ቤት ሁለት ኪሎ፤ አሥር ሆናችሁ ብትኖሩም ሁለት ኪሎ።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ስፖርት ለሰው ሳወራ የምነሳው ከሐጂ ስኳር ነው። ጅምናስቲክን የምናየው ለመገለባበጡ ነው፤ ማን ሜዳሊያ እንደሚያጠልቅ ግን መገለባበጡን ያህል የሚወስነው ስሌቱ ነው። የማን ውጤት ይቆጠራል፣ የማን ይጣላል፣ ከአንድ ቤት ስንት ሰው ይገባል? ጥያቄው አሁን የሚነሳበት ምክንያትም አለ። ከጥቅምት 7 እስከ 15 ቀን 2019 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ የሚካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ወደ ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የሚወስደው መንገድ የሚጀመርበት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ስፖርቱም መዝገቡም የእነሱ ነውና።

ውድድሩን አይቶ ለማያውቅ ሰው ከመሣሪያዎቹ ልጀምር። ወንዶች በስድስት መሣሪያ ይወዳደራሉ፤ ሴቶች በአራት። አንዱ ቮልት ነው፦ ተንደርድሮ፣ መዝለያውን ጠረጴዛ በእጅ ገፍቶ፣ አየር ላይ ተገለባብጦና ተሽከርክሮ በሁለት እግር መቆም። ሁሉ ነገር በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ሁለተኛው አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው የተዘረጉት ሁለት ዘንጎች ናቸው። ሦስተኛው ቢም የሚባለው አግዳሚ፣ አራተኛው 12 ሜትር በ12 ሜትር በሆነ ወለል ላይ በሙዚቃ የሚሠራው።

ቢሙ ላይ ቆም ልበል። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ከፍታው 1.25 ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በክረምት ወንዝ ሞልቶ በአጠና የተሻገረ ሰው 10 ሴንቲ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ እግሩ ያውቀዋል። ትንፋሽ ይዞ፣ ዓይንን አጠናው ላይ ተክሎ፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት እያስቀደሙ ነው የሚሄዱት። እነዚህ ልጆች በዚያው ስፋት ላይ ወደ ኋላ ይገለበጣሉ፤ እግራቸው የሚያርፍበትን ለቅጽበት ሳያዩት። ያውም 90 ሰከንድ ሳይሞላ የሚሠሩትን ሁሉ ሠርተው መውረድ አለባቸው።

ወለሉ ላይ ደግሞ ሙዚቃው ግጥም እንዲኖረው አይፈቀድም፤ ዜማ ብቻ። ይህን ደንብ መጀመሪያ ስሰማ ትዝ ያለኝ ማሲንቆ ነው። ያለ አንዲት ቃል የተመታ አምባሰል ሰው ማስለቀስ እንደሚችል ለወሎ ሰው አይነገረውም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አራት ቅኝት፣ አራት መሣሪያ። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ወሎዬ ሆኜ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወደ ስሌቱ ልመለስ። የዓለም ሻምፒዮናው በ1903 አንትወርፕ ላይ ተጀመረ፤ ሴቶች የገቡበት ግን በ1934 ቡዳፔስት ላይ ነው። ዛሬ ቡድኖች በሚወዳደሩበት ዓመት አንድ አገር አምስት ሴቶችን ይዞ ይመጣል። በማጣሪያው በየመሣሪያው ከአምስቱ አራቱ ይሠራሉ፤ ከአራቱ የሦስቱ የተሻለ ውጤት ይደመራል፤ የአንዷ ይጣላል። ስምንት ቡድን ወደ ፍጻሜ ያልፋል። እዚያ ሲደረስ ሦስት ይሠራሉ፣ የሦስቱም ይቆጠራል፤ የሚጣል የለም። ከማጣሪያው የተያዘው ነጥብም ተሰርዞ ሁሉም ከዜሮ ይነሳል። ቡናችን ከአቦል ወደ በረካ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ይሄ ግልባጩ ነው፣ እየቆየ ይወፍራል።

በወረቀት ላይ የአንድ ሰው ልዩነት ነው። ማጣሪያ ላይ አንዷ ከቢም ብትወድቅ ሌሎቹ ይሸፍኗታል፤ ፍጻሜ ላይ ብትወድቅ ግን ውድቀቷን አራቱንም መሣሪያ ተሸክመውት ይዞራሉ። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሆነውን አስታውሱ። ያኔ ቡድኑ አራት ሰው ብቻ ነበር። ባይልስ ቮልቱን ስትዘል አየር ላይ አካሏ የት እንዳለ ጠፋባት፤ ከዚያ ዝላይ በኋላ ከቡድኑ ፍጻሜ ወጣች። የሚጣል ውጤት በሌለበት ፍጻሜ አንድ ሰው ሲጎድል ሌላ ሰው ሳይዘጋጅ ይገባል። በዘንጎቹና በቢሙ ላይ ቻይልስ ገባች፤ በወለሉ ላይ ሊ። አሜሪካ ብር ወሰደች፤ ወርቁ በሩሲያ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ስም ለቀረበው ቡድን ሆነ። በዚያ ቡድን ውስጥ አንጀሊና ሜልኒኮቫ የምትባል ልጅ ነበረች፤ እመለስባታለሁ።

የማጣሪያው ሌላ ባሕርይ በአንድ ወጥቶ መግባት ብዙ ነገር መወሰኑ ነው። አንዲት ልጅ ቢም ላይ ወጥታ የምታገኘው ያው አንድ ነጥብ ለቡድኗም ይቆጠራል፣ ለአጠቃላይ አሸናፊው ፍጻሜም፣ ለቢሙ ፍጻሜም። ለአጠቃላዩ የአራቱን መሣሪያ ድምር ይዘው 24 ሰው ያልፋሉ፤ ለየመሣሪያው ፍጻሜ ስምንት። በሁለቱም ከአንድ አገር ከሁለት በላይ አይገባም። የሐጂ ስኳር ማለት እዚህ ጋ ነው።

ይህ ኮታ ከሰማይ አልወረደም። እስከ ሲድኒ 2000 ድረስ ለአጠቃላዩ ፍጻሜ ከአንድ አገር ሦስት ይፈቀድ ነበር። ሲድኒ ላይ ሦስቱንም ደረጃ ሮማኒያውያን ያዙት፦ አንድሬያ ራዱካን፣ ሲሞና አማናር፣ ማሪያ ኦላሩ። ራዱካን ለጉንፋን በተሰጣት ክኒን ውስጥ በነበረ ንጥረ ነገር ምክንያት ወርቋን ተነጠቀች፤ እሱ የራሱ ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ሁለት ሆነ።

ኮታ ባለበት ደግሞ መላ አይጠፋም። በ1992 ባርሴሎና ላይ፣ ሦስት በሚፈቀድበት ዘመን፣ የቀድሞዎቹ የሶቪየት ሪፐብሊኮች የጋራ ቡድን ልጅ ታቲያና ጉትሱ በማጣሪያው ከቢም ወድቃ ከቡድን ጓደኞቿ አራተኛ ሆነች። ቀረች ሲባል ሮዛ ጋሊዬቫ ጉልበቷን አሟታል ተብሎ ቦታዋ ለጉትሱ ተሰጠ። ጉትሱ ገባች፤ አሸነፈችም። ወርቅና ብሩን የለየው 0.012 ነጥብ ነበር። የቀበሌ ስኳር ሲታደል በጎረቤት ካርድ የወሰደ ሰው አይታችሁ ከሆነ ዘዴው አይጠፋችሁም።

በ2012 ለንደን ላይ የ2011 የዓለም ሻምፒዮን አሜሪካዊቷ ጆርዲን ዊበር በማጣሪያው አራተኛ ወጣች። ከፊቷ ካሉት ሁለቱ የአገሯ ልጆች አሊ ሬይዝማንና ጋቢ ዳግላስ ነበሩ። ሻምፒዮኗ ፍጻሜውን ከተመልካች ጋር አየች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ቻይልስ በዚያው ወንበር ተቀመጠች።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ቁስል እንግዳ አይደለም። በማራቶንና በ10 ሺህ ሜትር ለኦሊምፒክ ከአንድ አገር ሦስት ይሄዳል፤ አራተኛው የቀረውን ዓለም የሚቀድም ቢሆንም ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ያያል። ታምራት ቶላ ለፓሪስ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ቦታውን ሲለቅለት ገባ፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ወርቅ ይዞ ተመለሰ። ያ ቦታ ባይለቀቅ ኖሮ ኮታው የዘመኑን አሸናፊ ቤቱ ያስቀረው ነበር፤ እኛም ሳናውቀው እንቀር ነበር።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ሯጮቻችን የሚቀነሱት ከመሄዳቸው በፊት ነው፤ ጠቡም ምርጫውም አገር ቤት ያልቃል፣ ሐሜቱ ቡና ላይ ይቀራል። የጅምናስቲኳ ልጅ የምትቀነሰው ግን እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ ውጤቷ ሰሌዳ ላይ በርቶ፣ ከእሷ በታች ያሉት ሃያ ሰዎች ስማቸው ሲጠራ እየሰማች ነው። ዊበር ያን ቀን ካሜራ ፊት ያለቀሰችው ልቅሶ ለዚህ ነው ዓለምን የዞረው።

ታዲያ ኮታው ይነሳ? የለም። ስምንት ሰው ብቻ በሚገባበት የቢም ወይም የዘንግ ፍጻሜ ከአንድ አገር አራት ቢገባ ግማሹ አዳራሽ የአንድ ቤት ሠርግ ይሆናል። ሁለት እዚያ ላይ ትክክል ነው። 24 ሰው በሚቀበለው ፍጻሜ ላይ ግን ሁለት ማለት ስስት ነው፤ በዓለም አራተኛዋን አስወጥቶ ሃያ አምስተኛዋን ማስገባት «ማጣሪያ» የሚለውን ቃል ትርጉም ያሳጣዋል። ሦስት ቢባል ማንንም የማይጎዳ ይመስለኛል። ሃያ አምስተኛ ወጥታ የምትገባዋ ልጅ ለአገሯ ያላት ትርጉም ግን ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ። ምናልባት በዚያ ሌሊት ለአንድ ትንሽ አገር ሕፃናት የመጀመሪያዋ ጀግና እሷ ትሆናለች። ሐጂን ብጠይቃቸው ስኳሩ ለማይደርሰው ቤት እንደሚያደሉ እገምታለሁ።

ያቺኑ አራተኛዋን ልጅ፣ ቻይልስን፣ ፓሪስ ላይ ሌላ ደንብ ጠበቃት። እሱን ለመረዳት ግን ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

በድሮው ጊዜ ጣሪያው 10 ነበር። በ1976 ሞንትሪያል ላይ የአሥራ አራት ዓመቷ ሮማኒያዊት ናዲያ ኮማነቺ ሙሉ 10 ስታገኝ ሰሌዳው 10.00 ማሳየት ስለማይችል 1.00 ብሎ ጻፈ። ከ2006 ጀምሮ ጣሪያው ተነሣ። አሁን ሁለት ነጥብ ይደመራል። አንዱ የክብደት ነው፦ ምን ያህል ከባድ ነገር ሠራች? በሴቶች ስምንት ከባድ እንቅስቃሴዎች ተመርጠው ይቆጠራሉ፤ የሚጠበቁ ነገሮችን ማሟላትና አንዱን ከሌላው ሳያቋርጡ ማያያዝም ይጨመርበታል። ሌላው የአሠራር ነው፦ ከ10 ተነሥቶ ጉልበት በታጠፈ፣ እግር በተከፈተ፣ ሲያርፉ እርምጃ በተወሰደ ቁጥር ይቀነሳል። መውደቅ አንድ ሙሉ ነጥብ ያስከፍላል። ከወለሉ መስመር በአንድ እግር መውጣት 0.1፣ በሁለት እግር 0.3።

አሁን የፓሪሱን የወለል ፍጻሜ በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። ቀኑ ሐምሌ 29 ነበር፤ እኛ ቤት ያው አራታችን፣ ያው ዝናብ። ባይልስ በክብደት 6.9 አገኘች፤ ብራዚላዊቷ ሬቤካ አንድራዴ 5.9። አንድ ሙሉ ነጥብ ቀድማ ጀመረች ማለት ነው፤ በዚህ ስፖርት ይህ የአንድ ቀን መንገድ ነው። በአሠራር ባይልስ 7.833፣ አንድራዴ 8.266 ተሰጣቸው። እስከዚህ ድረስ ባይልስ ከግማሽ ነጥብ በላይ ትመራለች። ነገር ግን ያን ሁሉ ጉልበት ይዛ ስታርፍ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም በሁለት እግር፣ መስመሩን አልፋ ነበር። 0.6 ተቀነሰ። ውጤቱ 14.133 በ14.166። ወርቁ ለአንድራዴ።

«በምን ያህል?» አሉ ሐጂ።

«በ0.033»

«እሱ ምን ያህል ነው?»

መልስ አልነበረኝም። አንድ ተንጠልጥሎ የቀረ የእግር ጣት ነው ልበላቸው?

ነሐሱ ደግሞ የባሰ ነበር። ሮማኒያውያኑ አና በርቦሱና ሳብሪና ማኔካ ቮይኔያ እኩል 13.700 አግኝተዋል፤ እኩል ሲሆኑ የአሠራር ነጥቧ የበለጠው ትቀድማለችና ሦስተኛዋ በርቦሱ ነበረች። የመጨረሻዋ ተወዳዳሪ ቻይልስ 13.666 አገኘች፤ አምስተኛ። በርቦሱ ባንዲራዋን ይዛ ወጣች። በዚህ መካከል የቻይልስ አሠልጣኝ አንድ ዝላይ ሙሉ ዋጋው አልተሰጠውም ብላ አቤት አለች። ዳኞች አዩት፤ 0.1 ጨመሩ፤ 13.766። ቻይልስ ሦስተኛ ሆነች፤ በርቦሱ ባንዲራውን ጣለች። የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ዘላ ወጣች፤ እናቴ ስለ ሮማኒያዋ ልጅ ከንፈሯን መጠጠች።

በዚያም አላበቃም። የመጨረሻዋ ተወዳዳሪ አቤቱታ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል ደንቡ። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ አቤቱታው የቀረበው በአራት ሰከንድ ዘግይቶ ነው ብሎ የተጨመረውን ነጥብ ሰረዘው። ሜዳሊያው ነሐሴ ውስጥ ለበርቦሱ ተሰጠ። የቻይልስ ወገን ጉዳዩን ወደ ስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወሰደው። ልብ በሉ፦ ስለ ዝላዩ ዋጋ ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ ስለ ሰዓት ነበር። አንዲት ልጅ በአንድ ኦሊምፒክ በማጣሪያ አራተኛ ወጥታ በኮታ ቀረች፣ በፍጻሜ ሦስተኛ ወጥታ በአራት ሰከንድ ተመለሰች።

ማኔካ ቮይኔያም የራሷ በደል አላት። ከመስመር ወጥታለች ተብሎ 0.1 ተቀንሶባታል፤ አልወጣችም ብለው ሮማኒያውያኑ እስከ ፍርድ ቤት ሄደዋል። ያ 0.1 ባይነሳባት ሁለቱንም ትበልጥ ነበር። እንግዲህ በአንድ ነሐስ ላይ ሦስት ልጆች፣ ሦስቱም እውነት አላቸው።

ቴክኖሎጂ አይፈታውም ወይ የሚል ይኖራል። ጃፓናዊው ፉጂትሱ የሠራው፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚከታተል የዳኞች አጋዥ ሥርዓት ከ2019 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና እየገባ፣ በ2023 አንትወርፕ ላይ ሁሉንም መሣሪያ ሸፍኗል። ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ይነግራል። አቤቱታ በስንተኛው ሰከንድ እንደሚዘጋ የሚወስነው ግን ሰው ነው፤ ከአንድ አገር ስንት ይግባ የሚለውንም እንዲሁ። መሣሪያውን የሚተክለውም ሰው ነው፦ ሲድኒ ላይ ቮልቱ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተተክሎ ግማሾቹ ተወዳዳሪዎች ዘልለውበት፣ ወድቀውበት፣ ከዚያ በኋላ ነው አንዲት አውስትራሊያዊት ልጅ ያስተዋለችው። ድገሙት ተባሉ። ሩሲያዊቷ ስቬትላና ኮርኪና ግን በዚያ ቮልት ላይ ወድቃ፣ ልቧ ተሰብሮ ዘንጎቹ ላይም ወድቃ ነበር፤ ቮልቱን መድገም ዘንጉን አይመልስላትም።

ከፓሪስ በኋላ በ2025 ጃካርታ ላይ የተደረገው ሻምፒዮና ቡድን የሌለው፣ ለየግል ብቻ ነበር፤ ከኦሊምፒክ በኋላ ባለው ዓመት ልማዱ እንዲህ ነው። ከቶኪዮ የምናውቃት ሜልኒኮቫ፣ በዚህ ጊዜ ያለ አገር ባንዲራ በገለልተኝነት ተወዳድራ፣ አጠቃላዩን አሸነፈች፤ አሜሪካዊቷ ሊያን ዎንግ በጥቂቱ ተቀድማ ሁለተኛ፣ ቻይናዊቷ ጃንግ ቺንግዪንግ ሦስተኛ ሆኑ። የወለሉን ወርቅ ጃፓናዊቷ አይኮ ሱጊሃራ ወሰደች። እስራኤላውያን ተወዳዳሪዎች ኢንዶኔዥያ ቪዛ ስለከለከለቻቸው አልተገኙም፤ አቤቱታቸውም ውድቅ ሆነ። ያም አንድ ሌላ ማጣሪያ ነው፤ በየትኛውም የነጥብ ደንብ ላይ ያልተጻፈ።

የዘንጎቹ ወርቅ ለአልጄሪያ ነበር። ካይሊያ ነሙር።

ነሙር ፓሪስ ላይ በ15.700 ስታሸንፍ ለአፍሪካ አገር በጅምናስቲክ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አመጣች፤ ያውም ወርቅ። ዘንግ ለቃ አየር ላይ ሆና እንደገና ስትይዘው እናቴ «በስመ አብ!» ሐጂ «ማሻአላህ!» በአንድ ጊዜ አሉ፤ ቤታችን ውስጥ የተለመደ ነው። ደስታው የእኛም ነበር። ግን እውነቱን እንናገር። ነሙር የተወለደችውም ያደገችውም ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ልምምድ መመለሷ ላይ ክለቧና የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ሳይስማሙ ቀሩና ወደ አባቷ አገር ባንዲራ ዞረች። ባንዲራው የአፍሪካ ነው፤ አዳራሹ፣ ፍራሹና አሠልጣኙ የፈረንሳይ። ይህን የምለው ላሳንሳት አይደለም። ጅምናስቲክ ማለት ጎማና ስፖንጅ፣ ማሰሪያና ጣሪያ፣ አሥር ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሚታይ አሠልጣኝ ማለት መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያሳይ ስለሌለ ነው።

እኛ ጋ አካል የለም አይባልም። ሆጤ አካባቢ ከትምህርት መልስ ሣር ላይ የሚገለባበጡትን ልጆች ማየት ይበቃል። በ1991 አዲስ አበባ የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛምቶ ልጆቹን ከጎዳና እስከ አውሮፓ መድረክ አድርሷል። ሰርከስና ጅምናስቲክ ግን ዝላያቸው ቢመሳሰልም ሕጋቸው ለየቅል ነው። ሰርከስ ላይ የወደቀ ልጅ ተነሥቶ ሲደግመው ጭብጨባው እጥፍ ይሆናል። እዚህ መውደቅ አንድ ነጥብ ነው፤ መድገምም የለም። የእኛ ልጆች የተማሩት ሰውን ማስደሰት ነው እንጂ ጉልበትን ለዳኛ ቀጥ ማድረግ አይደለም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ያለውን ደግሞ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ በተማርኩበት፣ ለስድሳ ተማሪ አንዲት መሐሏ የሰረጎደች ስስ ፍራሽ ነበረች። ወደ ፊት መንከባለል ለፈተና አንድ አንድ ጊዜ፤ በእጅ መቆም ግድግዳ ተደግፎ። ሴቶቹ በቀሚስ ስለነበሩ ብዙዎቹ «አሞኛል» ብለው ይቀመጡ ነበር፤ መምህሩም አይጠይቁም፤ ነጥቡ ይሞላል። ደሴ ውስጥ ደረጃውን የጠበቀ ቢም እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁም። ወልድያ በ2017 የተመረቀ ያን የሚያህል ስታዲየም አላት፤ እኮራበታለሁ። ጅምናስቲክ ግን የሚፈልገው ስታዲየም አይደለም። የአንድ መካከለኛ መጋዘን ስፋት፣ የማያፈስ ጣሪያ፣ ወፍራም ፍራሽ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አንዲትን የስድስት ዓመት ልጅ አሥራ ስድስት እስኪሞላት የሚከታተል ሰው ነው።

አሥራ ስድስት ያልኩት በምክንያት ነው። አንዲት ልጅ ከአዋቂዎቹ ጋር ለመወዳደር በዚያ ዓመት ውስጥ 16 መሙላት አለባት። ቻይና በሲድኒ ያገኘችውን የቡድን ነሐስ ከአሥር ዓመት በኋላ የተነጠቀችው ከልጆቹ አንዷ ዕድሜዋ ያልደረሰ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ዕድሜ በወረቀት ከፍ ዝቅ ሲል እኛም አገር አይተናልና ብዙ አልልበትም።

መንገዱ ራሱ ግን፣ በስሌት ብቻ ካየነው፣ ያን ያህል የተዘጋ አይደለም። ለፓሪስ ከገቡት 96 ሴቶች 60ዎቹ ከ12 ቡድኖች የመጡ ነበሩ። ሦስቱ ቡድኖች በ2022 ሊቨርፑል ላይ ሜዳሊያ በማግኘት፣ ዘጠኙ በቀጣዩ ዓመት አንትወርፕ ላይ። የቀሩት 36 ቦታዎች በግል የሚገኙ ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ በየአህጉሩ ሻምፒዮና የሚገኝ በር አለ። ያ በር ለአፍሪካም ተከፍቷል። ለሎስ አንጀለስ ደግሞ ወንዶችና ሴቶች አብረው የሚወዳደሩበት ድብልቅ ቡድን ተጨምሯል። እንግዲህ ስኳሩን ለብዙ ቤት ለማዳረስ የወጣው ኮታ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤትም ድርሻ አስቀምጧል። እኛ ግን እስካሁን ካርዱን እንኳ አላወጣንም።

የእህቴ ልጅ ይሄን ሁሉ አላነበበችም። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ስሄድ በግቢው ውስጥ ለአጥር የመጣ አንድ አጠና ሁለት ብሎኬት ላይ አጋድማ፣ የትምህርት ቤት ማስመሪያዋን ይዛ ስፋቱን ስትለካ አገኘኋት። ወፍራሙ ጫፍ 9፣ ቀጭኑ 7 ሴንቲ ሜትር። «የእኔ ከእነሱ ይከብዳል» አለችኝ። ጫማዋን አውልቃ ወጣች። ሦስት እርምጃ ሄደች፤ አራተኛው ላይ እጆቿ እንደ ክንፍ ተወራጩ።

«ኧረ ውረጂ አንቺ ልጅ፣ ትወድቂያለሽ!» አለች እናቴ ከጓዳ።

«ብወድቅ አንድ ነጥብ ነው፣ እማማ!»